ደጁን የሚከፍተው ማን ነው? የሚዘጋውስ? ያልተማከሉ ማኅበራዊ መድረኮች ከማን ጋር እንደሚገናኙ የሚወስኑበት መንገድ

በጌዴኦ ዞን በኮቸሬ በኩል በምትገኘው ሬኮ የቡና ለቀማ በሚደርስበት ወራት ገበሬው ጆንያውን ተሸክሞ ወደ እሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ሲደርስ፣ ከሚዛኑ በፊት የሚጠብቀው የተቀባዩ ዓይን ነው። ተቀባዩ ጆንያውን ይዘረግፋል፤ ቀዩን ከጥሬው ይለያል፤ ቀዩ ይገባል፣ ጥሬው ለባለቤቱ ይመለሳል። ገበሬው ቅር ሊለው ይችላል፤ ምክንያቱን ግን ያውቀዋል። በአንድ ገንዳ ውስጥ የሚብላላው ቡና የብዙ ጎረቤቶች ቡና ነውና፣ የአንዱ ጥሬ የሁሉንም ጣዕም ያበላሻል። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ከሃያ በላይ መሠረታዊ ማኅበራትን አቅፎ ቡናቸውን ለዓለም ገበያ ሲያቀርብ የሚሠራውም በዚሁ ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ማኅበር የራሱ አባላት፣ የራሱ ኮሚቴና የራሱ ሒሳብ አለው፤ የሚወጣበት ስም ግን አንድ ነው። ስለዚህ «ማንን እንቀላቅል? ማንንስ እንመልስ?» የሚለው ጥያቄ ለጌዴኦ ሰው አዲስ አይደለም።

ይህን ምሳሌ ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፉት ዓመታት ይኸው ጥያቄ በእጃችን በያዝነው ስልክ ውስጥ ገብቷል። ጥቂት የማይባሉ ምእመናን፣ በተለይም ወጣቶች፣ ቤተ ክርስቲያናችን የራሷ የሆነ ማኅበራዊ መድረክ ሊኖራት ይገባል ሲሉ ይደመጣሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም መድረክ ማቆም ቀላሉ ክፍል ሲሆን፣ ከባዱ ከቆመ በኋላ ከማን ጋር መገናኘት እንዳለበት መወሰን ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ነገሩን ከራሳችን ታሪክ እንጀምር። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ የተፈጸመውን ሢመት ተከትሎ ቤተ ክርስቲያን ምን ያህል ፈተና እንደገጠማት አንባብያን አይዘነጉትም። በዚያው ወር ማብቂያ ምእመናን ጥቁር ለብሰው የነነዌን ጾም ሲጾሙ፣ መግለጫው፣ ጸሎቱ፣ የየአጥቢያው ዜናና የሐሰቱ ወሬ ሁሉ የሚተላለፈው በጥቂት የውጭ ኩባንያዎች መድረክ ነበር። የካቲት 2 ቀን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በሀገር ውስጥ ተገደቡ። የካቲት 8 ቀን ስምምነት ተደረሰ፤ የመድረኮቹ ገደብ ግን እስከ ሐምሌ ወር ድረስ፣ አምስት ወር ያህል፣ ሳይነሣ ቆየ። በእነዚያ ወራት ቪፒኤን መጠቀም የሚችለው ወጣት ያየውን፣ የማይችሉት አባትና እናት ሳያዩ ቀሩ። አንዱ ቤተሰብ በሁለት የመረጃ ዓለም ተከፈለ ማለት ይቻላል።

ከዚህ ብዙዎች የወሰዱት ትምህርት አንድ ነው፤ ሁሉም ሰው በአንድ ደጅ የሚገባ ከሆነ፣ ደጁን የያዘው ሁሉንም ይይዛል። ደጁን የሚይዘው መንግሥት ሊሆን ይችላል፤ ባሕር ማዶ ያለ ኩባንያም ሊሆን ይችላል። ያልተማከሉ የሚባሉት መድረኮች ተስፋ የሚሰጡት እዚህ ላይ ነው።

ያልተማከለ መድረክ ማለት ምን ማለት ነው? አንባቢ ሳያስተውለው ለረጅም ዘመን ሲጠቀምበት የኖረ ነገር ነው። ኢሜይል ያልተማከለ ነው፤ አንዱ በጂሜይል፣ ሌላው በያሁ፣ ሦስተኛው በዩኒቨርሲቲው የኢሜይል ሰርቨር ላይ ሆኖ ይጻጻፋሉ። ስልክም እንዲሁ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ አገልግሎት ሲጀምር፣ በ07 የሚጀምር ቁጥር የያዘ ደንበኛ በ09 ለሚጀምር ቁጥር መደወል ባይችል ኖሮ ማን አዲሱን ሲም ካርድ ይገዛ ነበር? ሁለቱ ድርጅቶች እንዲገናኙ ሕጉ ያስገድዳል፤ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም አለ። ማኅበራዊ መድረኮች ግን ይህ ግዴታ የለባቸውም። የፌስቡክ ሰው ከቴሌግራም ሰው ጋር በቀጥታ መጻጻፍ የማይችለው ቴክኖሎጂው ስለማይፈቅድ ሳይሆን ባለቤቶቹ ስላልፈቀዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ኦይገን ሮኽኮ የተባለ በጀርመን የሚኖር ወጣት የጀመረው ማስቶዶን የተሰኘው መድረክ ይህን አጥር ለማለፍ ከተሠሩት በይበልጥ የታወቀው ነው። ማስቶዶን አንድ ድረ ገጽ አይደለም። ማንም ሰው፣ ማኅበር ወይም ተቋም ፕሮግራሙን በራሱ ሰርቨር ላይ ጭኖ የራሱን መድረክ ያቆማል፤ የዚያ መድረክ አባላት በሌላ ሰርቨር ላይ ያሉትን ሰዎች መከተልና ከእነርሱ ጋር መነጋገር ይችላሉ። የሚነጋገሩበት የጋራ ቋንቋ አክቲቪቲፐብ የተባለ ፕሮቶኮል ሲሆን፣ የድረ ገጾችን ደረጃ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 አጽድቆታል።

እንግዲህ ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ነው። ሁሉም ከሁሉ ጋር መገናኘት የሚችል ከሆነ፣ መልካሙም ክፉውም በአንድ መንገድ ይመጣል። በማስቶዶን የመጀመሪያው አቋም «ክፍት» ነው፤ አዲስ የተከፈተ ሰርቨር ካልተከለከለ በቀር ከሁሉም ጋር ይገናኛል። አስተዳዳሪው ግን ደረጃ ደረጃ ያለው ሥልጣን አለው። ከአንድ ሰርቨር የሚመጣውን ምስልና ቪዲዮ ብቻ አለመቀበል ይችላል። ወይም ይገድበዋል፤ ማለትም የዚያ ሰርቨር ሰዎች በአደባባይ እንዳይታዩ ያደርጋል፣ የሚከተላቸው አባል ግን ያያቸዋል። ወይም ጨርሶ ያግደዋል፤ ያን ጊዜ በሁለቱ መካከል የነበረው መከታተል ሁሉ ይቆረጣል። ከዚህ በተቃራኒ ከተመረጡ ሰርቨሮች በስተቀር ከማንም ጋር አልገናኝም ማለትም ይቻላል። እያንዳንዱ አባልም ለራሱ ብቻ አንድን ሰርቨር ሊዘጋ ይችላል። በእኛ እይታ ይህ መካከለኛው ደረጃ፣ መገደብ፣ ከሚገባው በታች ጥቅም ላይ የሚውል ነው፤ ሰዎች ሲቆጡ ቀጥታ ወደ መቁረጥ ይሄዳሉና።

ውሳኔውን የሚሰጠው ማን ነው? በአንዳንዱ ሰርቨር አንድ ሰው ነው፤ ማታ ከሥራ ተመልሶ በራሱ ገንዘብ ሰርቨሩን የሚያስተዳድር በጎ ፈቃደኛ። በሌላው ትንሽ ኮሚቴ አለ። አባላት ድምፅ የሚሰጡባቸውም አሉ። በብዙዎች ዘንድ ደግሞ አስተዳዳሪው ሌላ ሰው ያዘጋጀውን የታገዱ ሰርቨሮች ዝርዝር እንዳለ ወስዶ ይጭናል። ይህ የመጨረሻው ጊዜ ይቆጥባል፤ አደጋውም ትልቅ ነው። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው ተሳስቶ ወይም ተቀይሞ ያስገባው አንድ ስም በመቶ ቦታ ይገለበጣል፤ የተከሰሰበትን ነገር የሚያስታውስ ሳይኖርም ታግዶ ይቀራል።

የተከናወኑትን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ጋብ የተባለው የአሜሪካ መድረክ የማስቶዶንን ፕሮግራም ወስዶ ወደዚህ መረብ ገባ። ጋብ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 በፒትስበርግ ምኵራብ 11 ሰዎችን የገደለው ግለሰብ ጥላቻውን ይጽፍበት የነበረ መድረክ ነው። ፕሮግራሙ ለሁሉም ነፃ ስለሆነ ጋብን እንዳይጠቀም የሚከለክለው አልነበረም። የተደረገው ሌላ ነው፤ በጣም ብዙ ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ውሳኔ አገዱት፣ አንዳንድ የስልክ መተግበሪያ አዘጋጆችም መግቢያውን ዘጉበት። ጋብም ኋላ ራሱ ከመረቡ ወጣ። እዚህ ላይ አንድ ማእከል ያለው ባለሥልጣን ትእዛዝ አልሰጠም፤ ጎረቤቶች ናቸው የማይፈልጉትን እንግዳ በየደጃቸው የመለሱት።

ሁለተኛው ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ቢሃው የተባለ፣ ጨዋ ውይይት እንዲደረግበት የተቋቋመ ትንሽ መድረክ ከሁለት ትልልቅ ጎረቤቶቹ ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋረጠ። ጎረቤቶቹ ክፉዎች ነበሩ አላለም። እነርሱ ማንንም ያለ ምርመራ ስለሚመዘግቡ የሚመጣው ሕዝብ በዛ፤ የቢሃው ጥቂት አስተዳዳሪዎችም ሊጠብቁት አልቻሉም። ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ይህ ነው ብለን እናምናለን። ብዙ ጊዜ ደጅ የሚዘጋው በጥላቻ ሳይሆን ጠባቂ በማነስ ነውና።

ሦስተኛው ስለ ግዙፎች ነው። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ስሬድስ የተባለውን መድረክ ሲከፍትና ወደ አክቲቪቲፐብ እንደሚገባ ሲያስታውቅ፣ በመቶ የሚቆጠሩ የትናንሽ ሰርቨሮች አስተዳዳሪዎች ገና ሳይመጣ እናግደዋለን ብለው ፈረሙ። የማስቶዶን መሥራች ግን ለየሰርቨሩ ተወው። ፈራጆቹ ፍርሃታቸው ያለ መሠረት አልነበረም፤ ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የቻት አገልግሎቱን ክፍት በሆነ ፕሮቶኮል ከሌሎች ጋር አገናኝቶ፣ ብዙዎች በእርሱ በኩል መግባት ከለመዱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ግንኙነቱን ትቶታል። ዝሆን ከጎጆ ሲጠጋ ጎጆው ለዝሆኑ አይደለም የሚያሰጋው። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው የዶናልድ ትራምፕ ትሩዝ ሶሻል በማስቶዶን ፕሮግራም ላይ ተሠርቶ ሳለ ከማንም ጋር እንዳይገናኝ ተደርጎ ነው የቆመው። መሣሪያው አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ቤት ያለ አጥር፣ ሌላው ያለ በር ይሠራበታል።

ወደ ጌዴኦ እንመለስ። ከላይ ባነሣነው የቡና ምሳሌና በሰርቨሮች እገዳ መካከል አንድ ከባድ ልዩነት አለ። የመፈልፈያ ጣቢያው ተቀባይ የሚመረምረው ጆንያውን ነው፤ የገበሬውን መንደር አይደለም። ሰርቨር ሲታገድ ግን የሚታገደው መንደሩ ነው። በዚያ ሰርቨር ላይ የነበረ፣ ክፉ ቃል ጽፎ የማያውቅ ሰው ከባልንጀራው ጋር የነበረው ግንኙነት በአንድ ሌሊት ይቆረጣል፤ ምክንያቱንም ላያውቅ ይችላል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ድንበር አካባቢ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሲፈናቀል፣ ሰዎች ቤታቸውን ያጡት በሠሩት ሥራ ሳይሆን ከየት መጣህ በሚል ጥያቄ ነበር። የሰርቨር እገዳን ከዚያ መከራ ጋር ማስተካከል አይገባም፤ አናስተካክለውምም። ነገር ግን «ከዚያ የመጣ ሁሉ» የሚለው አስተሳሰብ ምን እንደሚያደርስ በዚህ ምድር የኖረ ሰው ከማንም ይበልጥ ያውቃልና፣ እገዳን እንደ ቀላል አዝራር ሊያየው አይገባም። ጌዴኦና ጉጂ ለትውልድ ያኖሩት የጎንዶሮ ዕርቅ ሥርዓትም ሆነ የጌዴኦ ሽማግሌዎች የሚመክሩበት ሶንጎ አጥፊውን ለይቶ መጠየቅን፣ ከዚያም መልሶ መቀበልን የሚያውቁ ናቸው።

በሌላ በኩል ትልቁ መድረክ ይህን በተሻለ አልሠራውም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ፌስቡክ በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ለጥላቻ መስፋፋት አስተዋጽኦ አድርጓል ብሏል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በባሕር ዳር የተገደሉ ምሁር ቤተሰብ ከሌሎች ጋር በመሆን በኬንያ ፍርድ ቤት ሜታን ከሰዋል፤ ፍርድ ቤቱም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። ሜታ በ2014 ዓ.ም. በሰጠው ማብራሪያ የሀገራችንን ይዘት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በትግርኛ እንደሚመረምር ገልጾ ነበር። ጌዴኡፋ ከአራቱ አንዱ አይደለም። በጌዴኡፋ የተጻፈ ክፉ ቃል ማን ያነበዋል? በጌዴኡፋ የተጻፈ መልካም ቃል በስሕተት ቢነሣስ ማን ይመልሰዋል? የአካባቢ ሰው የሚጠብቀው ሰርቨር ጥቅሙ ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ይታያል፤ ጠባቂው ቋንቋውን ያውቃል፣ ሽሙጡንም ከምርቃቱ ይለያል።

ለእኛ ይህ ሁሉ ፈጽሞ እንግዳ መሆን የለበትም። ቅዱስ ዮሐንስ ወንጌላዊ ከጻፋቸው መልእክታት ሁለቱ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው፣ እጅግ አጫጭር ናቸው፤ ጉዳያቸውም እንግዳ መቀበል ነው። በሁለተኛው ለተመረጠችው እመቤት የክርስቶስን ትምህርት የማያመጣውን በቤቷ እንዳትቀበል ይጽፍላታል። በሦስተኛው ደግሞ ወንድሞችንና እንግዶችን የሚቀበለውን ጋይዮስን ያመሰግናል፤ አለቃ መሆንን የሚወደውን፣ ወንድሞችን የማይቀበለውን፣ ሊቀበሉ የሚወዱትንም የሚከለክለውንና የሚያስወጣውን ዲዮጥራጢስን ይወቅሳል። አንዱ ሐዋርያ በሁለት አጫጭር ጦማር ሁለቱንም ስሕተት አየ፤ ሁሉን የሚያስገባውንና ማንንም የማያስገባውን። በአስተዳዳሪነት ወንበር የተቀመጠ በጎ ፈቃደኛ ወጣት ሊያነባቸው ከሚገቡ ጽሑፎች እነዚህን ሁለት ምዕራፎች እናስቀድማለን። ከዲዮጥራጢስ ጥፋቶች ሦስተኛው በተለይ በእነዚህ መድረኮች ዘንድ የሚታይ ነው፤ አንድን ሰርቨር አላገድህም ተብሎ ሌላው ሰርቨር የሚታገድበት ጊዜ አለና።

የሐዋርያት ቀኖናም እንግዳ ጳጳስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን የምስክር ደብዳቤ ሳይዝ እንዳይቀበሉት፣ ደብዳቤ ቢያመጣ እንኳ እንዲመረመር ያዝዛል። ዛሬም አንድ ካህን ከአንዱ ሀገረ ስብከት ወደ ሌላው ሲሄድ መሸኛ ይዞ ነው። ይህ ሥርዓት ከሰርቨሮች አሠራር የሚሻልበት ነገር አለው። ደብዳቤው የሚመሰክረው ስለ ሰውየው ነው፤ የመጣበትን ሀገር በሙሉ አይኮንንም፣ በሙሉም አያጸድቅም። በዚያ ላይ የጻፈው አካል ይታወቃል፣ ይጠየቃልም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ውግዘትና የሰርቨር እገዳ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው የነፍስ ጉዳይ ሲሆን ሥልጣኑም የሲኖዶስ ነው። ይሁን እንጂ መለያየት ሲራዘም ምን እንደሚመስል ከቤታችን የተሻለ ምሳሌ የለንም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በፓትርያርክነቱ ጉዳይ የተነሣው መለያየት 26 ዓመት ገደማ ሲቆይ፣ በውጭ ሀገር ያሉ አጥቢያዎች በሀገር ቤት ሲኖዶስ ሥር ያሉ፣ በስደት ባለው ሲኖዶስ ሥር ያሉና «ገለልተኛ» የተባሉ ሆነው በሦስት ተከፍለው ነበር። በአንድ ከተማ የሚኖሩ እኅትማማቾች በተለያየ አጥቢያ እየቆሙ፣ የአንዷ ልጅ ሲጠመቅ ሌላዋ ለመሄድ ታመነታ ነበር። ገለልተኞቹ ያን መንገድ የመረጡት በአብዛኛው ከጠቡ ለመሸሽ ነው፤ ነገር ግን ከጠቡ መሸሽም ራሱ ሦስተኛ ወገን መሆኑ አልቀረም። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዕርቁ ሲፈጸም የተነሡት ውግዘቶች ሁለቱንም ወገን የሚመለከቱ ነበሩ። መመለሻው የተቻለው ሁለቱም ወገኖች የት እንደተለያዩ፣ በምን ቀን፣ በማን ቃል እንደሆነ ስለሚታወቅ ነው። በየሰርቨሩ ያለው የእገዳ ዝርዝር ግን ብዙ ጊዜ ስም ብቻ ነው፤ ምክንያት፣ ቀንና ይግባኝ የለውም። ያለ ምክንያት የተጻፈ እገዳ በምን ዕርቅ ይነሣል?

አሁን ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ሀገረ ስብከት ወይም አንድ ማኅበር በዚህ መረብ ውስጥ ሰርቨር ቢያቆም የሚገጥመውን በግልጽ እንናገር።

በቅድሚያ የምናግድ ብቻ ሳንሆን የምንታገድም እንሆናለን። የማስቶዶን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የሰርቨሮች ስምምነት፣ በመግቢያ ገጹ ላይ መዘርዘር የሚፈልጉ ሰርቨሮች ዘረኝነትንና ሌሎች ጥላቻዎችን በትጋት እንዲከላከሉ ይጠይቃል፤ በእነዚያ ውስጥ ግብረ ሰዶማውያንን የሚመለከትም አለ። ሰውን መጥላት በእኛም ዘንድ ኃጢአት ነው። ይሁንና ስለ ጋብቻ ያለንን ትምህርት በራሱ እንደ ጥላቻ የሚቆጥሩ ሰርቨሮች ጥቂት አይደሉም፤ የእነርሱም ደጅ እንደ እኛው የራሳቸው ነው። ይህን ቀድሞ ሳያውቁ ገብቶ ኋላ «ተገፋን» ማለት ተገቢ አይሆንም። ደግሞም ትምህርቱን ማስተማርና ሰውን መስደብ የተለያዩ መሆናቸውን በራሳችን አባላት ዘንድ ማስከበር ካልቻልን፣ ለእገዳው ምክንያት የሰጠነው እኛው ነን። በሬኮ ምሳሌ ብንናገር፣ ጥሬውን የሚለቅመው ጆንያውን የሚሞላው ነው፤ ተቀባዩ ያየውን ነው የሚመልሰው።

ከዚያ ሕጉ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185፣ አገልግሎት ሰጪዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የተከለከለውን ይዘት እንዲያነሡ ያዝዛል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተፈጸመ ጥፋትንም ያከብዳል። ያልተማከሉ መድረኮች የሚሠሩት ቅጂ በመላላክ ነው። አንድ የዲላ አባል በጀርመን ያለን ሰው ቢከተል፣ የዚያ ሰው ጽሑፍ ቅጂ ዲላ ባለው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ጽሑፉ ሕግ የሚጥስ ቢሆን ጥቆማው የሚመጣው ለጀርመኑ አይደለም። እንግዲህ ከማን ጋር እንገናኝ የሚለው ጥያቄ የምን ቅጂ በቤታችን እናኑር የሚል ጥያቄም ነው። ተቃራኒውም አለ፤ ከእኛ የወጣው ወደ ሌሎች ይገለበጣል፣ ብንሰርዘው ሌላው ሰርቨር ስረዛውን ለመቀበሉ ዋስትና የለም። የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ፎቶግራፍና የታመመ ሰው ስም ያለበትን የጸሎት ልመና በልማድ እንደምንለጥፍ ካሰብን፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ጽናት ነው። የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ለኅብረቱ ተቋማት በማስቶዶን ላይ መድረክ ከፍቶ ነበር፤ ኃላፊነቱን የሚረከብ ተቋም ባለመገኘቱ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ተዘጋ። ገንዘብም ባለሙያም ያለው አካል ሁለት ዓመት ከቆየ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ በአንድ ወጣት ፍቅር ላይ የቆመ ሰርቨር ስንት ይቆያል? የማስቶዶን ስምምነት ቢያንስ ሌላ አንድ ሰው የመግቢያ ቁልፍ እንዲኖረው፣ በየቀኑ ቅጂ እንዲያዝና ሰርቨሩ ከመዘጋቱ ሦስት ወር አስቀድሞ እንዲነገር ይጠይቃል። ይህኛውን ሳንጨምርና ሳንቀንስ ብንወስደው መልካም ነው።

ከላይ ካልነው አንጻር የእኛ ሐሳብ የሚከተለው ነው። መጀመሪያ በተመረጡ ሰርቨሮች ብቻ ተወስኖ መጀመር፤ በሀገር ውስጥና በውጭ ያሉ የራሳችን አጥቢያዎችና ማኅበራት ሰርቨሮች፣ ከዚያም ፈቃዳቸው ከሆነ የእኅት አብያተ ክርስቲያናት። ጠባቂ በጨመረ መጠን ደጁን ማስፋት፤ ጠባቂ ሳይኖር ግን በቁጥር ለመብዛት ሲባል አለመክፈት። የቢሃው ነገር እዚህ ላይ ይታሰብ። ማንኛውም እገዳ ከአንድ ሰው በላይ በሆኑ ሰዎች ይወሰን፤ ምክንያቱና ቀኑ ይጻፍ፤ የታገደው ሰርቨር አስተዳዳሪም ይነገረው። ከመታገድ በፊት መገደብ ይሞከር። ከሌላ ሰው የተዘጋጀ ዝርዝር እንዳለ አይጫን። ከጠባቂዎቹ መካከልም አማርኛ ብቻ የሚያውቁ ሳይሆኑ ጌዴኡፋና አፋን ኦሮሞ የሚያነቡ ይኑሩ፤ ኦርቶዶክሳውያን በቁጥር አናሳ በሆንንበት ዞን ከጎረቤቶቻችን ጋር የምንነጋገረው በእነዚህ ቋንቋዎች ነውና።

ይህ መድረክ የ2015ቱን ዓይነት ገደብ ያስቀራል ብለን ግን አናታልልም። በብዙ ሰርቨሮች የተበተነን መረብ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ይከብዳል፤ አንዲትን ትንሽ ሰርቨር መዝጋት ግን አንድ አድራሻ መዝጋት ብቻ ነው። ሰርቨሩ ሀገር ውስጥ ቢሆን ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከውጭ ያሉት አያገኙትም፤ ውጭ ቢሆን የሀገር ቤቱ ምእመን አያገኘውም። በዚያ ወቅት የአጥቢያዎች ጉባኤ፣ ከቅዳሴ በኋላ የሚነገር መልእክትና በእጅ የሚደርስ ደብዳቤ ሥራቸውን ሠርተዋል። ስለዚህ ሰርቨሩን ለማቆም የሚነሣ ማኅበር በመጀመሪያው ስብሰባው ሁለት ነገሮችን አብሮ በቃለ ጉባኤ ቢያሰፍር እንወዳለን፤ መረቡ ሲጠፋ መልእክቱ ከዲላ እስከ ይርጋ ጨፌና ኮቸሬ ባሉ አጥቢያዎች በማን እጅ እንደሚደርስ፣ ደግሞም የሰርቨሩ ሁለተኛ ቁልፍ በማን ዘንድ እንደሚቀመጥ።